በነፋስ ያጠረ ብላይንድ

ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጎረቤትና ለዳቦ ተሰላፊ ሁሉ፦ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት በሚገኘው ቤት የሳሎን መስኮት ላይ ተሰቅሎ ለረጅም ዓመታት በታማኝነት በመጋረጃ ፈንታ ሲያገለግል የቆየው ብላይንድ፣ ትናንት ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት በድንገት በተነሣ ነፋስ አምስት ቅጠሎቹ የተጎዱበት መሆኑን ቤተሰቡ በታላቅ ሐዘን ይገልጻል። የተቀሩት ቅጠሎች በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።

እርግጥ መግለጫው ተጽፎ በር ላይ አልተለጠፈም። የቤቱ እናት ግን ላገኘችው ሁሉ በቃል አደረሰችው። «ነፋስ ነው» አለች ለጎረቤቷ። «ነፋስ ነው» አለች ለዳቦ ሻጩ። ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። በዚያ ዕለት የተሰጣ ልብስ እንኳ ሳይወዛወዝ ነበር የዋለው። ግን የሰው ቤት የአየር ጠባይ ውስጥ ገብቶ መከራከር ነውር ነው።

ነፋሱ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መንጃ ፈቃድ አለው።

መንጃ ፈቃድ ያለው ብቻ ሳይሆን ሌሎችም እንዲኖራቸው የሚያደርግ ነው፤ መኪና ማሽከርከር ያስተምራል። በትዕግሥቱ የሚስተካከለው አስተማሪ አልነበረም። ተማሪ ማርሽ ሲያንገጫግጭ፣ እግረኛ ላይ ሲያነጣጥር፣ እሱ ለስለስ ባለ ድምፅ «ፍሬን፣ እህቴ… ፍሬን… ጎሽ» ይላል። ከዚህ የተነሣ ተማሪዎቹ «ፍሬኑ» ብለው ስም አወጡለት። አንዲት ወፈር ያለች ተማሪው መኪናውን ከግድግዳ ጋር ስታላትመው እንኳ «ምንም አይደል፣ ግድግዳው ነው የተጠጋሽ» ብሎ አጽናንቷታል ይባላል። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ይህን ስታወራ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

ቀኑን ሙሉ የያዘውን ፍሬን ግን አንድ ቦታ መልቀቅ ነበረበት። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ገብቶ ሲለቀው ኖሯል።

ቤት ውስጥ ያሉት እናቱና ታናሽ እህቱ ናቸው። እናቱን አይነካም፤ በዚህም ራሱን ጨዋ ሰው አድርጎ ይቆጥራል። እህቱ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ አንድ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትቀርጻለች። ሰፈሩም «ጥርስ ሠሪዋ» ነው የሚላት።

ብላይንድ ጠጋኙ በነፋሱ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ቀጠን ያለ፣ የሱሪው ጉልበት በመንበርከክ ብዛት የነጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ካቻቪቴና ፒንሳ ያጨቀ ቦርሳውን አስቀምጦ ብላይንዱን ከነሳጥኑ አወረደና ወለሉ ላይ ዘረጋው።

«ምን አገኘው?»

«ነፋስ ነው፣ ልጄ» አለች እናት፣ መስኮቱ ሥር ካለችው አጭር መቀመጫዋ፣ ከዱካዋ ላይ ሳትነሣ።

ጠጋኙ ተንበረከከ። ቅጠሎቹን፣ እነዚያን ስስ ክሬም ቀለም የተቀቡ የአሉሚኒየም ዝርጎች፣ ከላይ ወደ ታች በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። በዓይን ከፍታ ከምትሆነው አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። መሃሏ ላይ ትንሽ ስብራት ነበራት።

«ይቺ ጣት ናት» አለ። «መንገዱን ለማየት ዝቅ የሚያደርጋት ሰው አለ። ብዙ ጊዜ። በግራ እጁ።»

ጥርስ ሠሪዋ ግራ እጇን ኪሷ ከተተች።

«ይሄ ደግሞ…» ከእሷ ሥር አምስት ቅጠሎች አንድ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ ገብተው ነበር። ጠጋኙ ሁለት መዳፉን ጎድጓዳው ላይ አጋድሞ ለካው። ከዚያ ቀና ብሎ ልጅቷን አየ። ፀጉሯን ወደ ግንባሯ አውርዳ ነበር ያበጠረችው፤ ያውም በደንብ አውርዳ።

«ነፋሱ» አለ፣ «የሰው ጭንቅላት ተበድሮ ነበር እንዴ?»

ማዶ የዳቦ ቤቱ በር ሲንሿጠጥ ይሰማል።

«ትጠግነዋለህ ወይስ ትመረምረናለህ?» አለች እናት።

«እጠግነዋለሁ፣ እማማ።»

የሆነው እንዲህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ጥርስ ሠሪዋ፣ አለቃዋ ሌላ ከተማ ውስጥ የሚከፈተውን አዲሱን ላቦራቶሪ እንድትመራ እንዳጫት፣ መኖሪያ ክፍልም እንዳለው ለወንድሟ ነገረችው። ፍሬኑ እጁን እየታጠበ ነበር። እጁን በጥንቃቄ አደራረቀ፤ ፎጣውን አጥፎ ሰቀለ። ከዚያ ፀጉሯን ጨብጦ ግንባሯን ብላይንዱ ላይ አላተማት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቆርቆሮው በየጊዜው አጨበጨበ። «የት ነው የምትሄጂው?» አላት፣ በማስተማሪያ ድምፁ። «የት ነው፣ እህቴ?»

አሁን ወለሉ ላይ ከጠጋኙ ፊት ለፊት ተንበርክካለች።

«ፒንሳውን አቀብይኝ።»

አቀበለችው።

«ግራኝ ነሽ።»

«እዚህ ቤት አይደለሁም።»

ልጅ ሳለች ወንድሟ በማስመሪያ አንጓዋን እየመታ አስትቷት ነበር፤ ወይም እንዳስተዋት ያምናል። እሱ ፊት በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጽፋለች። ላቦራቶሪ ስትገባ ቀኝ እጇ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ይመለከታል፤ ሥራውን ሁሉ ግራው ይሠራል።

«አልሰማሁም» አለ ጠጋኙ ሥራው ላይ እንዳቀረቀረ። አንዱን ቅጠል ከክሩ መዝዞ፣ «ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጥርስ።»

«የማን?»

«የወለቀበት ሰው ሁሉ።»

«ከነፋሱ ጋር ሽርክና ናችኋ።»

ሳቋ አመለጣት። ሲስቁ ግንባር እንደሚያም አታውቅም ነበርና ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ያዘች፤ እንደያዘችም ሳቀች። እናት ከዱካዋ ላይ ሆና ልጇን እንደማታውቃት ሰው አየቻት።

ያን ዕለት ጠጋኙ ከቦርሳው አምስት አዲስ ቅጠሎች አውጥቶ በክሮቹ መሃል ሰካቸው። ብላይንዱን ሰቅሎ ከመንገዱ በኩል ሊያየው ወጣ። እሷ ከውስጥ ቅጠሎቹን የሚገለብጠውን ዘንግ ስታሽከረክር ይከፈታሉ፤ እሱ ፊት ለፊቷ ነው። ስትመልሰው ይዘጋሉ፤ የለም። እንደገና ይከፈታሉ፤ እዚያው ነው፤ ምንም አልተነቃነቀም፤ ዓይኑ ብቻ ትንሽ ቀርቧል። አንድን ብላይንድ ለመፈተሽ ሦስት ጊዜ ይበቃል። አሥራ አንድ ጊዜ ፈተሹት።

ጠጋኙ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄደም። ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

«ምን አየህ?» አለው ተረኛው ፖሊስ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

«ብላይንድ።»

«ብላይንዱ ምን ሆነ?»

«የአንድ ሰው ጭንቅላት ገብቶበታል።»

«ሲገባ አየህ?»

«አላየሁም። ቅርጹን ነው ያየሁት።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን መልሶ ከደነ። «ወንድሜ፣ እኔ ብላይንድ አስቀርቤ ቃል ልቀበል? ያየ ሰው አምጣ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል እኮ።»

«መስማቱንማ እኔም ሰምቻለሁ» አለ ፖሊሱ። «ያየ ነው ያልኩህ።»

ጠጋኙ አመስግኖ ወጣ።

ለሁለተኛ ጊዜ የተጠራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፍሬኑ እህቱ ላቦራቶሪ አምሽታ ገባች ብሎ ወንበር ወርውሮባት፣ ጎንበስ ስትል ወንበሩ ጉዞውን ቀጥሎ ብላይንዱ ላይ አረፈ። ወንበሩ የሳታትን እሱ አልሳታትም፤ ወለሉ ላይ ጥሎ ጎኗን በጫማው ሲረግጣት እናት ዱካዋ ላይ ሆና ክር ትቋጥር ነበር። ክሩን ቋጠረችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ቋጠረችው።

ስድስት ቅጠል ተቆርጧል። በዚህኛው ቀን ፍሬኑም ቤት ነበር፤ ለጠጋኙ ወንበር ስቦ፣ ውኃ አቅርቦ፣ «ለምን ትቸገራለህ፣ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ሥራ» እያለው ነበር።

«ይሄ ቀለም ከገበያ ጠፍቷል» አለ ጠጋኙ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከታች ያሉትን ደህና ቅጠሎች አውጥቼ ላይ በተሰበሩት ቦታ አስገባቸዋለሁ። ታች ያለው ማን ያየዋል? ዓይን የሚያርፈው ላይ ነው።»

«ይሄ ነው ሙያ!» አለ ፍሬኑ።

ተሠርቶ ሲያልቅ ብላይንዱ በግማሽ ስንዝር ያህል አጠረ። ፍሬኑ ረጅም ሰው ነው፤ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመና ዓይኑ ትክክል ያሉትን ቅጠሎች አየ። ቀጥ ብለው አንጸባረቁለት። «እንደ አዲስ» አለ፤ ጨበጠውም። ዱካዋ ላይ ዝቅ ብላ የተቀመጠችው እናት ግን የእግሯ ጣቶች ላይ ፀሐይ አርፋ አየች። ጣቶቿን አንቀሳቀሰቻቸው። ክሯን መቋጠር ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ጠጋኙ ሥራ ኖረውም አልኖረውም በላቦራቶሪው በር ማለፍ አበዛ። በከተማው ውስጥ ያለ ብላይንድ ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ የተበላሸ ይመስል ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር ቆመው ዳቦ ይካፈላሉ። ስለ ብላይንድ አያወሩም።

«ለምንድነው እንደዚህ ቃል የምትቆጥበው?» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ ታወሪያለሻ።»

«እኔ እኮ ቤት ውስጥ ዝም ነው የምለው።»

«አውቃለሁ» አለ። «የዚያን ውዝፍ ነው የማዳምጠው።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ የዳቦውን ፍርፋሪ ከእጁ ላይ እያራገፈ ነበር፤ የጆሮው ጫፍ ግን ቀልቷል።

ሦስተኛው ጥገና ላይ ነው ነገር የመጣው። ፍሬኑ ሰሐን ወርውሮበት ነበር። ጠጋኙ ስምንቱን የተጎዱ ቅጠሎች አውጥቶ፣ እሷ ክሩን ወጥራ ይዛለት፣ ግንባር ለግንባር ሊነካኩ ምንም ሳይቀራቸው በሆነ ነገር ይስቃሉ። የተማሪ መኪና ጎማ ተንፍሶበት ያለ ሰዓቱ የተመለሰው ወንድም በሩ ላይ ቆሟል።

«ቀጥሉ» አለ በለስላሳው ድምፅ። «ለምን አቆማችሁ?»

ሳጥኑን፣ ብላይንዱ የሚንጠለጠልበትን ያን ረጅም የብረት አካል፣ ከወለሉ አነሣና የጠጋኙን አፍ በጫፉ መታው። ጠጋኙ በጎኑ ወደቀ። ፍሬኑ ጀርባውን ረገጠው፤ ሆዱን ረገጠው፤ በሳጥኑ ትከሻውን ደበደበው። እህቱ ክንዱ ላይ ስትንጠለጠል በክርኑ ደረቷን ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፋት። ብረቱ ሲጎብጥ፣ ሰው ሲያቃስትና ጫማ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ከሚሰማው ሌላ ድምፅ አልነበረም። ማዶ የዳቦው ሰልፍ ይህን ሁሉ ሰማ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋ፤ ዳቦ ስለወጣ።

ደክሞት ሲያቆም ጠጋኙ በክርኑ ቀና አለ። ደሙን በእጅጌው ጠረገ። ወለሉ ላይ እየዳሰሰ አንዲት ቡሎን አነሣና ደረት ኪሱ ከተታት።

«ሳጥኑ ጎብጧል» አለ፣ አፉ ውስጥ ቃሉ እየተላቆጠ። «ይቃናል። ነገ መጥቼ እጨርሳለሁ።»

ፍሬኑ ሳጥኑን ከእጁ ለቀቀ። ሰው ተደብድቦ ለነገ ቀጠሮ ሲይዝ አይቶ አያውቅም።

እናት ጎንበስ ብላ ከዱካዋ ሥር አንዲት ነጭ ነገር አነሣች። የፊት ጥርስ ናት። በመሀረቧ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

በማግስቱ ጠጋኙ ከንፈሩ አብጦ መጣ። ፍሬኑ በሩን ራሱ ከፈተለት። «ትናንት ትንሽ ሞቆኝ ነበር፣ ወንድሜ።»

«ያጋጥማል» አለ ጠጋኙ። «ነፋስ ነው።»

ጨርሶ ሲሄድ ፀሐይዋ የእናት ጉልበት ላይ ደርሳለች።

እናት መሀረቡን ለልጇ የሰጠቻት ያን ዕለት ማታ ነው። «የሰው ንብረት ነው» አለቻት፣ ፊቷን አዙራ። «እሱን መስለሽ ሥሪለት።»

ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የወለቀውን ጥርስ አጠገቧ አድርጋ፣ ትኩስ ሰም አለስልሳ ጠጋኙ አፍ ውስጥ አስገባች።

«ንከስ። አራት ደቂቃ አትናገርም፤ ከተናገርክ ይበላሻል።»

ነከሰ። ዓይኑ ብቻ ቀረ። እሷ ፊቷ ከፊቱ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፤ አገጩን በግራ እጇ ይዛለታለች።

«ለአንተ እንደዚህ ነው መናገር የሚቀለኝ» አለች። «የሹመት ደብዳቤው ደርሶኛል። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። ልብሴን በጥቂት በጥቂቱ እያመጣሁ እዚያ ቁምሳጥን ውስጥ ከጀሶው ከረጢት ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ወንድም ጋሼ ካወቀ እጄን ይሰብረዋል፤ ብሎኛል፤ እሱ ደግሞ ያለውን ያደርጋል። እጄ ከሄደ ሥራዬ ሄደ፤ ሥራዬ ከሄደ መስኮቱ ሥር ሌላ ዱካ ይጨመራል፤ እኔና እማዬ ጎን ለጎን ክር እንቋጥራለን።» ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «አንተ… ብላይንድ እኮ በየትም ከተማ ይበላሻል። ትመጣለህ?»

አንገቱን ነቀነቀ። እንዲያውም አጥብቆ ነቀነቀ፤ ሰሙ ተጣመመ።

«አበላሸኸው!»

ሰሙን ከአፉ አውጥታ እየሳቀች ሌላ አለሰለሰች። ሁለተኛው አራት ደቂቃ ላይ አንዳቸውም አልተናገሩም። ከመናገር የባሰ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እናት ራሷ ጠጋኙን አስጠራችው። ዘጠኝ ቅጠሎች፣ ሁሉም በአንድ መስመር፣ የሰው ትከሻ ያህል ስፋት። ጥርስ ሠሪዋ ሥራ ሄዳለች፤ አንድ ትከሻዋን ሳታነቃንቅ ነው የሄደችው። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«እንደ በፊቱ አድርገህ ሥራው» አለች እናት።

«እንደ በፊቱ ሲሉ?»

«ከታች ወደ ላይ።»

እጁ ፒንሳው ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ያጥራል እኮ፣ እማማ። ሁለት ስንዝር ያልፋል።»

«ይጠር» አለች፣ ወደ ክሯ ተመልሳ። «ጉልበቴን ሞቆኛል። ፊቴንም ይሙቀኝ።»

ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ፍሬኑ ደብዳቤውን አገኘው። የት እንዳገኘው ለእሷ አልነገራትም። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰኞ ነው?» አላት።

ዝም አለች።

«በየትኛው እጅሽ ነው ጥርስ የምትቀርጪው?»

ዝም አለች።

«ልክ ነሽ፣ ምን ይጠየቃል» አለ። «ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

ቀኝ አንጓዋን ያዘ። እየጎተተ መስኮቱ ጋ ወስዶ አንበረከካት፤ ጉንጯን የመስኮቱ ደፍ ላይ አጣብቆ በጉልበቱ ጀርባዋን ተጫናት። ቀኝ እጇን ደፉ ላይ ዘረጋው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለየ፤ ተማሪን መሪ ሲያሲዝ እንደሚያደርገው፣ በጥንቃቄ። አመልካች ጣቷን ወደ ኋላ አጠፈው። ተሰበረ። ጮኸች። መሃል ጣቷን ያዘ። እሱም ተሰበረ።

በዚያ ጩኸት መሃል ዓይኗን ገለጠች። ከጉንጯ በላይ ብላይንዱ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ አልቋል። ጠባቡን መንገድ ተሻግሮ፣ ፊት ለፊቷ፣ የዳቦው ሰልፍ አለ። ወደ አርባ ሰው። ሰልፉ ዞሮ እሷን እያየ ነው።

ስድስት ዓመት ሲሰሙ ኖረዋል። ሲሰሙ ዳቦ ማየት ይቻላል፣ ሰማይ ማየት ይቻላል፣ የጫማ ክር ማሰር ይቻላል። አሁን ግን መስኮቱ ላይ ፊት አለ፤ ከፊቱ አጠገብ የተንጋደደ እጅ አለ፤ ከእጁ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ሸሚዝ አለ። ከሰልፉ ፊት የቆመችው ያቺ ግድግዳ የገጨችው ተማሪ ናት። ሁለት ዳቦ ይዛለች።

«ፍሬን» አለች፣ ለራሷ ይመስል። ልክ እሱ እንደሚለው፣ ለስለስ አድርጋ። ከዚያ ጉሮሮዋ ተከፈተ። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ፣ አንተ!»

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ተቀበለ። ከዚያ አርባው በአንድ ድምፅ፦ «ፍሬን! ፍሬን!»

ፍሬኑ ቀና አለ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ገብቶታል፤ እንዴት እንደሚያዩት አልገባውም። ብላይንዱ ወርዷል እኮ። ዓይኑ ትክክል ያሉት ቅጠሎች አንድም ሳይጎድሉ ቀጥ ብለዋል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየ።

«እማዬ» አለ። «ዝጊው። ዝጊው ነው የምልሽ!»

የወረደ ብላይንድ ከዚያ በላይ አይወርድም። እናት ግን ከዱካዋ ተነሣች። ገመዱን ያዘች። ዝግ ብላ፣ አንድ እጇን ከሌላው በላይ እያፈራረቀች፣ ልክ ውኃ ከጉድጓድ እንደሚስብ ሰው ሳበችው። ብላይንዱ ወጣ። እስከ መጨረሻው ወጣ። ሰውየው ከነቁመቱ፣ እህቱን ከእግሩ ሥር እንዳደረገ፣ የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ውስጥ ቆመ።

ግድግዳ የገጨችው ሴት መጀመሪያ ገባች። በሩን ከማንኳኳት በርግዳው ማለፍ ቀለላት፤ ልምድም አላት። የያዘችውን ዳቦ ፊቱ ላይ ሰባብራ ስትጨርስ በቦርሳዋ ቀጠለች። ሌሎቹ ሸሚዙን፣ ፀጉሩን፣ እግሩን ይዘው ወደ መንገዱ ጎተቱት። አፍንጫው ደፉ ላይ ተሰበረ። መንገዱ ላይ ደግሞ፣ ስድስት ዓመት ጫማውን ሲያስር የኖረ ሰፈር ሁሉ፣ በዚያው ጫማ ረገጠው። ሽማግሌው እንኳ በከዘራው ሁለቴ አሳረፈበት። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቹ የሚመቱት እሱን ብቻ አልነበረም።

ያው ፖሊስ መጣ። «ምን አያችሁ?» አለ።

አርባ ሰው በአንድ ጊዜ አየሁ አለ። እስክሪብቶ አለቀበት።

ወደ ቤቱ ገብቶ ለመዝገቡ ያህል እናትን ጠየቃት። የልጇን የተሰበረ እጅ በመሀረቧ እያሰረች ነበር።

«ብላይንዱን ማን ነው የከፈተው፣ እማማ?»

እናት ቋጠሮውን አጠበቀች።

«ነፋስ ነው» አለች።

ጥርሱ ያለቀው ቅዳሜ ነው። ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሮ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በግራዋ ለሁለት ሰዓት ፋቀችው፣ አለሰለሰችው፣ አወለወለችው። ወንድሟ በስድስት ዓመት ውስጥ የትኛው እጇ እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም ነበር፤ የጠየቀ ቀንም መልሱን ራሱ መለሰ። ጥርሱን ስትገጥምለት ጠጋኙ በምላሱ ነካካው።

«እንዴት ነው?»

«ከድሮው ይሻላል» አለ። «አይናገርም እንጂ።»

ሰኞ ሦስት ሆነው ሄዱ። እናት ዱካዋን ይዛ ነው የተሳፈረችው።

አዲሱ ከተማ ውስጥ ጠጋኙ ከላቦራቶሪው ጎን አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። በአምስተኛው ወር፣ ጀሶው ተፈትቶ፣ ወንድሟም ተፈርዶበት፣ እሷም «ባሌ» የሚለውን ቃል ሳታፍር መጥራት ስትለምድ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ ልታደራጅለት ገባች። ከመደርደሪያው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አገኘች። ፈታችው።

ቅጠሎች ናቸው። አዲስ፣ ክሬም ቀለም፣ ክር ነክቷቸው የማያውቅ። ጥቅሉ በሦስት ታስሯል፤ በእያንዳንዱ እስር ላይ ቀን ተጽፎበታል። ቅጠሎቹን ቆጠረቻቸው። ስድስት። ስምንት። ዘጠኝ።

ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የሰው ብላይንድ የሚሠራውን ባሏን አየችው።

«ቀለሙ ከገበያ ጠፍቷል ብለህ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ሃያ ሦስት ቅጠል ነው እዚህ ያለው።»

«ሃያ ሦስት ነው።»

«በየጊዜው ይዘሃቸው ትመጣ ነበር? ቦርሳህ ውስጥ?»

የያዘውን ቡሎን አጠበቀ።

«እማዬም ታውቅ ነበር?» አለች። ሱቁ በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ዱካዋ ላይ ወደ ተቀመጠችው እናቷ ዞረች። እናቷ ክር አትቋጥርም፤ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን እያሞቀች ነው። ምንም እንዳልሰማች ናት።

ጥርስ ሠሪዋ አጠገቡ ተንበረከከች። ድምጿ ቀጠነ። «እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ነበርኩ እኮ። አንተ ስንዝር ትለካ ነበር። ስንት ስንዝር ሲሆን ይበቃል ብለህ ነበር? ባይበቃስ? ንገረኝ።»

ረጅም ጊዜ አያት። ጥርሱ፣ የእሷ ጥርስ፣ ከንፈሩ መሃል ለአፍታ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«አልናገርም» አለ። «ክሩን ያዢልኝ።»